ከአንድ ሺህ በላይ ጽሑፎች፤ የአንድ የደም ሐኪም ሥራ በምን ይመዘናል?

ነጋዴ በትርፉ፣ ገበሬ በምርቱ፣ አናጢም በእጁ ሥራ ይመዘናል። የተመራማሪ ሐኪም ሥራ ግን እንደ እህል በቁና አይሰፈርም። ሰውየው ለዓመታት በላቦራቶሪና በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ያጠናውን ነገር ዓለም የሚያውቀው በሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ ሲያወጣው ነው። ስለዚህም በሳይንሱ ዓለም ሁለት ጥያቄዎች ተደጋግመው ይነሳሉ። ይህ ሰው ስንት ጽሑፍ አሳተመ? ሌሎች ተመራማሪዎችስ ጽሑፎቹን ስንት ጊዜ ዋቢ አድርገው ጠቀሷቸው?

በዚህ ጽሑፋችን እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሥራ አማካይነት ልንመለከታቸው ወደድን። እኚህ ሰው በአሜሪካ ሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ ሮቼስተር ከተማ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ ለረጅም ዓመታት በደም ሕክምና (በሄማቶሎጂ) የሠሩት ፕሮፌሰር አያሌው ተፈሪ ናቸው። ለብቻቸውም ሆነ ከሌሎች ጋር ያሳተሟቸው ጽሑፎች ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ። በሙያቸው ስማቸው በብዛት ከሚጠቀስ የዘመኑ ሊቃውንት አንዱ ናቸው።

መቼም ይህን ያህል መጻፍ ያስደንቃል። ነገር ግን ቁጥሩ ለታመመ ሰው ምን ይፈይዳል? ልጁን ሐኪም ለማድረግ ለሚመኝ ወላጅስ ምን ያስተምራል? መልሱን ለማግኘት አስቀድመን ሰውየው ስለ ምን እንደጻፉ ማወቅ ይኖርብናል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መቅኔ ልኩን ሲያልፍ

ደማችን የሚመረተው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት ኦክሲጅን ያመላልሳሉ፤ ነጮቹ ከበሽታ ይከላከሉልናል፤ ፕላትሌት የሚባሉት ደግሞ ስንቆረጥ ደማችን እንዲረጋ ያደርጋሉ። ጤናማ መቅኔ የሚያመርተው ሰውነት በሚፈልገው መጠን ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን አንዲት የመቅኔ ሕዋስ ለውጥ ይደርስባትና ያለ ልክ መራባት ትጀምራለች። በዚህ ምክንያት ቀይ ሕዋስ ሲበዛ በሽታው ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ይባላል። ፕላትሌት ሲበዛ ኤሴንሻል ትሮምቦሳይቴሚያ ይባላል። መቅኔው በጠባሳ እየተሞላ ሲጠነክርና ጣፊያ ሲያብጥ ደግሞ ማይሎፋይብሮሲስ የሚል ስም ተሰጥቶታል።

እነዚህ በሽታዎች የሚመጡት ቀስ ብለው ስለሆነ ሰው ለዓመታት ሳያውቃቸው ሊኖር ይችላል። ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት፣ በሙቅ ውኃ ከታጠቡ በኋላ የሚመጣ ማሳከክ፣ በግራ ጎን ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ክብደት፣ ያለ ምክንያት መክሳት ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። ትልቁ አደጋ ደም በሥር ውስጥ ረግቶ ልብን ወይም አንጎልን መጉዳቱ ነው።

ለፖሊሳይቴሚያ ቬራ የሚሰጠው መሠረታዊ ሕክምና ውድ አይደለም። በሆስፒታል በመርፌ ደም ይቀዳል፤ ሐኪም ሲያዝም አስፒሪን በትንሽ መጠን ይወሰዳል። የጣሊያን ሐኪሞች በ2013 ባወጡት ጥናት፣ በደማቸው ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ ከመቶ ከ45 በታች እንዲሆን የተደረገላቸው በሽተኞች፣ ከዚያ በላይ ከተተወላቸው ይልቅ ከደም መርጋትና ከልብ አደጋ በእጅጉ ተጠብቀዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናሳስብ። ይህ ሕክምና በላቦራቶሪ ምርመራ እየተለካ የሚደረግ በመሆኑ ሒጃማ ወይም ዋግምት ሊተካው አይችልም። በደም ምርመራ ውጤቱ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ የተነገረው ሰው ወረቀቱን ይዞ ወደ ሐኪም መመለስ አለበት።

አራት ገጽ ጽሑፍና 54 ዓመታት

የአንድ ጽሑፍ ዋጋ ቶሎ ላይታወቅ እንደሚችል የእነዚሁ በሽታዎች ታሪክ ያስረዳናል። ዊልያም ዳምሸክ የሚባል አሜሪካዊ የደም ሐኪም ነበር። በ1946 «ብለድ» (ደም ማለት ነው) የተሰኘውን የሕክምና መጽሔት አቋቋመ። በ1951 በዚሁ መጽሔት ላይ አራት ገጽ ብቻ የሆነች ጽሑፍ አወጣ። በጽሑፉ ውስጥ አዲስ የላቦራቶሪ ሙከራ አልነበረም። ዳምሸክ ራሱም ሐሳቡን ግምት ብሎ ነበር የጠራው። ግምቱም፣ ሐኪሞች እንደተለያዩ በሽታዎች የሚያዩዋቸው እነዚህ ሕመሞች ዘመዳሞች ናቸው፣ መቅኔን የሚያነሳሳቸውም ገና ያልታወቀ አንድ ነገር ሊሆን ይችላል የሚል ነበር።

ዳምሸክ በ1969 አረፈ። ያ ያልታወቀ ነገር የተገኘው በ2005 ነው። በፓሪስ በዊልያም ቬንሸንከር፣ በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ በቶኒ ግሪን፣ በስዊዘርላንድ ባዝል በራዴክ ስኮዳ፣ በአሜሪካ ቦስተን በጋሪ ጊሊላንድ የሚመሩ አራት ቡድኖች በጥቂት ወራት ውስጥ ተመሳሳይ ግኝት አሳተሙ። ጃክ 2 በምትባል ጂን ላይ የአንዲት «ፊደል» ለውጥ ይደርሳል፤ ሕዋሷም ያለ ማቋረጥ የመራባት ትእዛዝ የደረሳት ያህል ትሠራለች። ይህ ለውጥ የፖሊሳይቴሚያ ቬራ በሽተኞች ከሆኑት መካከል ከመቶ ከ95 በሚበልጡት ላይ፣ ከሌሎቹ ሁለት በሽታዎች ደግሞ በግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል።

ያች አራት ገጽ ጽሑፍ 54 ዓመት ከቆየች በኋላ ስለ ጃክ 2 የሚጽፉ ብዙ ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ተመልሰው ይጠቅሷት ጀመር። በታተመችበት ዓመት የዳምሸክን ሥራ በጠቃሾች ብዛት ብቻ የመዘነ ሰው ቢኖር ኖሮ ተሳስቶ ነበር ማለት ነው።

ቆጠራው የሚካሄደው እንዴት ነው?

አንድ ተመራማሪ ሲጽፍ የተመረኮዘባቸውን የሌሎች ሥራዎች በጽሑፉ መጨረሻ ይዘረዝራል። ይህ ዝርዝር የባለቤቱን ድካም ለባለቤቱ መመለስ በመሆኑ የአማና ጉዳይ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1955 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። እነዚህ ዝርዝሮች ተገልብጠው ቢሰበሰቡ ማን ማንን እንደጠቀሰ ማወቅ ይቻላል አለ። በ1960ዎቹም ሐሳቡን ሥራ ላይ አውሎ የሳይንስ ዋቢዎች ማውጫ ማሳተም ጀመረ። የጋርፊልድ ዋነኛ ዓላማ ተመራማሪዎች የሚፈልጉትን ጽሑፍ በቀላሉ እንዲያገኙ ነበር። ዳሩ ግን ማውጫው ውሎ አድሮ ሰውን መመዘኛ ሆነ።

በ2005 ደግሞ ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ኤች-ኢንዴክስ የሚባለውን መለኪያ አወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ካሉት ቁጥሩ 20 ይሆናል። አንድ ጽሑፍ ብቻ ጽፎ ያችው ሺህ ጊዜ የተጠቀሰችለት ሰው ግን ቁጥሩ 1 ነው። የፕሮፌሰር አያሌው ቁጥር ከ100 በላይ ነው። ይህም ማለት ቢያንስ መቶ ጽሑፎቻቸው እያንዳንዳቸው መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ተጠቅሰውላቸዋል።

ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ሥራ

እንግዲህ ቁጥሩን ትተን ሥራውን እንይ። ፕሮፌሰሩ በ2000 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» በተባለው ታላቅ መጽሔት ላይ ስለ ማይሎፋይብሮሲስ የሚታወቀውን ሁሉ አሰባስበው ለብቻቸው ጻፉ። በዚያን ጊዜ በሽታው ሐኪሞች እምብዛም የማያተኩሩበት ነበር።

በ2006 ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የ1,182 በሽተኞችን ደም መረመሩ። የሚፈልጉት ኤምፒኤል በምትባል ሌላ ጂን ላይ የሚደርስ ለውጥ ነበር። ያገኙት በ20 ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ከሺህ በላይ ሰው መርምሮ 20 ማግኘት ከንቱ ድካም ሊመስል ይችላል። ሆኖም የጃክ 2 ለውጥ የሌለበት በሽተኛ ሲመጣ ሐኪሙ ቀጥሎ የት መፈለግ እንዳለበት ያወቀው እንዲህ ባለ ሥራ ነው።

በ2007 እና በ2008 ደግሞ ሐኪሞች እነዚህን በሽታዎች ለይተው የሚያውቁባቸውን መስፈርቶች ስለ ማደስ ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ጻፉ። በ2008 ከጄምስ ቫርዲማን ጋር ያሳተሙት፣ የዓለም ጤና ድርጅትን መስፈርት የሚያብራራው ጽሑፍ፣ በብዛት ከሚጠቀሱት ሥራዎቻቸው አንዱ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በአንድ አገር ያለ ሐኪም «ይህ ሰው ፖሊሳይቴሚያ ቬራ አለበት» ሲል በሌላ አገር ያለው ሐኪም ያንኑ በሽታ እንዲረዳ ሁለቱም የሚስማሙበት መስፈርት ያስፈልጋል።

በ2011 የማዮ ክሊኒክ ቡድን በክሊኒኩ የታዩ 793 የማይሎፋይብሮሲስ በሽተኞችን መዝገብ መርምሮ የአደጋውን ደረጃ የሚያሳይ መለኪያ አወጣ። በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ካሉት በሽተኞች ግማሽ ያህሉ ከ185 ወራት በላይ ኖረዋል፤ ይህም 15 ዓመት ያልፋል። በከፍተኛው ደረጃ ላይ ላሉት ግን አኃዙ 16 ወራት ብቻ ነበር። የመቅኔ ንቅለ ተከላ በሽታውን ሊያድን የሚችል ሕክምና ቢሆንም ራሱ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ማን ወደዚያ አደጋ ይግባ፣ ማንስ ይቆይ የሚለውን ለመወሰን እንዲህ ያለው መለኪያ ለበሽተኛውም ለቤተሰቡም የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲባል የምንፈልገው ግን የሚከተለውን ነው። ለማይሎፋይብሮሲስ የተሠራው የመጀመሪያው የጃክ መድኃኒት፣ ሩክሶሊቲኒብ፣ በ153 በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2010 ሲታተም ፕሮፌሰር አያሌው ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበሩ። መድኃኒቱ ያበጠ ጣፊያን ያሳንስ፣ ማሳከክንና የሌሊት ላብን ያስታግስ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን እርሳቸውና ሁለት ባልደረቦቻቸው በማዮ ክሊኒክ መድኃኒቱን የወሰዱ 51 ሰዎችን ተከታትለው ያዩትን በዚያው መጽሔት አወጡ። ከበሽተኞቹ አብዛኞቹ በሦስት ዓመት ውስጥ መድኃኒቱን አቋርጠዋል። ሲቋረጥም ሕመሙ ቶሎ ያገረሽ፣ በአንዳንዶቹ ላይም እጅግ ይከፋ ነበር። ስለዚህ በድንገት እንዳይቆም፣ ሲቆምም በሐኪም ክትትል እንዲሆን አስጠነቀቁ። መድኃኒቱ በ2011 መጨረሻ በአሜሪካ ተፈቅዶ ለብዙዎች እፎይታ ሰጥቷል፤ ማስጠንቀቂያውም አብሮት ተጉዟል። ሰው የራሱ እጅ ያለበትን ሥራ ጉድለት በአደባባይ መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም።

በ2015 ደግሞ ፕሮፌሰሩ ከሌሎች ጋር በመሆን የካንሰር መድኃኒት ዋጋ እንዲቀንስ የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተሙ። በጠቅላላው 118 የካንሰር ሊቃውንት ስማቸውን አስፍረውበታል። በ2014 በአሜሪካ የተፈቀዱት አዳዲስ የካንሰር መድኃኒቶች ሁሉ የአንድ ዓመት ዋጋቸው ከ120,000 ዶላር በላይ መሆኑን ጠቅሰው፣ ይህ ዋጋ በሽተኛውን ከሕክምናው እያራቀ ነው ብለዋል።

ቁጥር የማይነግረን

ከላይ የዘረዘርናቸው ሥራዎች በቆጠራው ውስጥ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ጽሑፍ ብቻ ይያዛሉ። ማስጠንቀቂያውም፣ መስፈርቱም፣ ስለ ዋጋ የቀረበው አቤቱታም አንድ ናቸው። እንግዲህ ቁጥሩን ስናነብ ጥቂት ነገሮችን ማወቅ ይገባናል።

አንደኛ፣ ጽሑፎቹ የአንድ ሰው ብቻ አይደሉም። የ1,182ቱን በሽተኞች ጥናት የጻፉት ከአሥር የሚበልጡ ሰዎች ናቸው። ከነዚያ በስተጀርባ ደግሞ ደም የቀዱ ነርሶች፣ ናሙና የመረመሩ ባለሙያዎች፣ መዝገብ ያደራጁ ሠራተኞች፣ ደማቸውን የሰጡ በሽተኞችም አሉ።

ሁለተኛ፣ የሌሎችን ግኝት አሰባስቦ የሚያብራራ ጽሑፍ ከግኝቱ ራሱ በላይ ሊጠቀስ ይችላል። ፕሮፌሰር አያሌውም ስለ እነዚህ በሽታዎች አዲስ የተገኘውን እየጨመሩ በተከታታይ የሚያወጧቸው የማሻሻያ ጽሑፎች አሏቸው። ሥራ ለበዛበት ሐኪም ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ይሁንና እንዲህ ያለው ጽሑፍና አዲስ ግኝት አንድ ዓይነት አይደሉም።

ሦስተኛ፣ ቁጥር ብቻውን የእውነት ምስክር ሊሆን አይችልም። በ1997 በጀርመን አገር በደምና በካንሰር ምርምር ብዙ ጽሑፍ በማውጣት የታወቀ አንድ ፕሮፌሰርና የሥራ ባልደረባው ውጤት ፈጥረው ጽፈዋል ተብለው ተጋለጡ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ቡድን ከመረመራቸው 347 ጽሑፎች መካከል በ94ቱ ላይ የማጭበርበር ምልክት አግኝቷል። እስከዚያ ድረስ ግን እነዚያ ጽሑፎች ሲቆጠሩና ሲጠቀሱ ቆይተው ነበር። ምሥጢሩን ያወጣው በቤተ ሙከራው ይሠራ የነበረ አንድ ወጣት ሳይንቲስት እንጂ የትኛውም መለኪያ አልነበረም።

አራተኛ፣ ቁጥሩ የሚከተለው ተመራማሪው ያለበትን እንጂ በሽተኛው የሚበዛበትን ቦታ አይደለም። ሲክል ሴል የተባለውን በውርስ የሚተላለፍ የደም በሽታ እንውሰድ። ከበሽታው ጋር ከሚወለዱት ሕፃናት መካከል አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። በሽታው በሕክምና መጽሔት ላይ የተገለጸው በ1910 ነበር፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው መድኃኒት የተፈቀደለት በ1998 ሲሆን፣ ሁለተኛው እስኪጨመር 19 ዓመት ፈጅቷል። እጅግ ጥቂት ሰዎችን ለሚይዘው ለማይሎፋይብሮሲስ ግን ከ2011 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ውስጥ አራት የጃክ መድኃኒቶች ተፈቅደዋል። ለአንዱ በሽታ ብዙ መጻፉ ጥፋት አይደለም። ለሌላው አለመጻፉ ግን የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

ለወጣቶቻችንና ለወላጆች

ውድ ወጣቶች! የእናንተም ዘመን የቁጥር ዘመን ነው። በትምህርት ቤት ውጤታችሁ፣ ነገ ደግሞ በዩኒቨርሲቲና በሥራ ቦታ ያሳተማችሁት ጽሑፍ ይቆጠራል። መቆጠሩ አይቀርምና ልትፈሩት አይገባም። ሆኖም ጽሑፍ ለማብዛት ብሎ አንዱን ጥናት ሦስት ቦታ መቆራረጥ፣ ያልሠሩበት ጽሑፍ ላይ ስም ማስፈር፣ የወዳጅን ጽሑፍ ያለ ቦታው መጥቀስ በዚሁ መንገድ ላይ የሚያጋጥሙ ፈተናዎች ናቸው። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተሰበሰቡ የሳይንስ መጽሔት አዘጋጆችና አሳታሚዎች በዚህ ጉዳይ መክረው ነበር። ባወጡት መግለጫም ተመራማሪ በወጣበት መጽሔት ዝና ሳይሆን በሠራው ሥራ ይዘት እንዲመዘን ጠይቀዋል።

የሕክምና ተማሪ የሆናችሁ ደግሞ ከ793ቱ በሽተኞች ጥናት አንድ ቁም ነገር ውሰዱ። ያ ጥናት የተሠራው በጥንቃቄ ከተያዘ የበሽተኛ መዝገብ ነው። ዕድሜው፣ የደሙ መጠን፣ የተሰጠው ደም፣ የደረሰበት ሁኔታ በየጊዜው ተጽፎ ባይቀመጥ ኖሮ መለኪያው ባልተገኘ ነበር። በክፍለ ሀገር ጤና ጣቢያ ተመድባችሁ በምትሠሩበት ጊዜም ካርዱን በሥርዓት መሙላት የምርምር መጀመሪያ ነው። በአገራችንና በአህጉራችን ሕፃናትን የሚጎዱ የደም በሽታዎችን የሚያጠና ሰው የሚነሣውም ከእንዲህ ዓይነቱ ካርድ ነው።

ወላጆችም ልጃችሁ ስለ አንድ ታላቅ ሳይንቲስት አንብቦ «ሺህ ጽሑፍ አለው» ብሎ ሲነግራችሁ አድንቁለት፤ ቀጥላችሁም «ከሺሁ አንዱን ንገረኝ፤ ለየትኛው በሽተኛ ምን ጠቀመ?» ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ፕሮፌሰር አያሌው የሚጠየቅ ልጅ የሚመልሰው አያጣም። መድኃኒቱን በድንገት እንዳያቋርጥ ስለተነገረው በሽተኛ ሊያወራ ይችላል። ንቅለ ተከላው ይቅርብን ወይስ እንግባበት ብሎ ሲጨነቅ መልስ ስላገኘ ቤተሰብም ሊናገር ይችላል።